ለዚያኛውስ ይነፋ ነበር?

ሰኔ 1970 ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በሜክሲኮዋ ቶሉካ ከተማ ጣሊያንና እስራኤል በዓለም ዋንጫ የምድብ ጨዋታ ተገናኙ። ጂጂ ሪቫ ኳሷን መረብ ውስጥ ቢከታትም ከመስመሩ ዳር ባንዲራ ተነስቶ ስለነበር ጎሉ ተሻረ። ባንዲራውን ያነሳው ኢትዮጵያዊው ሥዩም ታረቀኝ ነበር። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ።

ጣሊያን ከዚያ ምድብ በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል ብቻ አግብታ በአንደኝነት አለፈች፤ እስከ ፍጻሜውም ተጓዘች። ባንዲራው ያስቀረባት ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ጣጣው ግን በዚያ አላበቃም። ጨዋታውን ለጣሊያን ሕዝብ ሲያስተላልፍ የነበረው ስመ ጥሩ ዘጋቢ ኒኮሎ ካሮዚዮ ኢትዮጵያዊውን ዳኛ በዘረኛ ቃል ተሳድቧል የሚል ወሬ ተነዛ፤ የብሔራዊ ቡድኑን ቀጣይ ጨዋታዎችም ሌላ ሰው እንዲያስተላልፍ ተደረገ። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የድምፅ ቅጂው ሲመረመር የተባለው ስድብ አልተገኘበትም። አንዲት የባንዲራ ውሳኔ የአንድን ሰው ዝና ይዛ ሄደች፤ የሌላውን ስም ደግሞ ከማያውቀው ጠብ ጋር አቆራኘች።

በዚህ ሁሉ ንትርክ ውስጥ የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ሪቫ ከጨዋታ ውጪ ነበር ወይስ አልነበረም? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ሌላ ነው። ያችው ኳስ፣ በዚያችው ቦታ፣ በእስራኤል አጥቂ እግር ብትገባ ኖሮ ባንዲራው ይነሳ ነበር? በማግስቱ በሌላ ስታዲየም፣ በሌላ ረዳት ዳኛ እጅስ? ደጋፊ «ወጥ የሆነ ዳኝነት የለም» ሲል የሚያነሳው ቅሬታ ይኸው ነው። ቅሬታው እውነት አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያነጣጥረው ወደ ተሳሳተ ቦታ ነው።

ከሕጉ እንነሳ። የጨዋታው ሕግ ቁጥር 12 አንድ ተጫዋች ባላጋራውን ሲጠልፍ፣ ሲገፋ ወይም ሲረግጥ ዳኛው የጥፋቱን ክብደት በሦስት ደረጃ እንዲመዝን ያዛል። ጥንቃቄ የጎደለው ከሆነ ቅጣት ምት ብቻ ነው። ለባላጋራው ደኅንነት ደንታ የሌለው ከሆነ ቢጫ ካርድ ይጨመርበታል። ከልክ ያለፈ ኃይል ካለበት ቀይ ነው። ሦስቱን የሚለያቸው ሜትር ወይም ኪሎ የለም። ፍጥነቱን፣ የእግሩን ከፍታ፣ ጫማው ያረፈበትን ቦታ፣ ኳሷ የነበረችበትን ርቀት ዳኛው በአንድ ቅጽበት አይቶ ይወስናል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ክፍተት የተዉት ረስተውት አይደለም። ሁለት ሸርተቴዎች ፈጽሞ አንድ ዓይነት ስለማይሆኑ ሰው እንዲፈርድ ፈልገው ነው።

ይህ ፍርድ በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ብዙ ተመልካች አይገምትም። የ2000 የአውሮፓ ዋንጫን ዳኞች ያጠኑ ተመራማሪዎች አንድ ዋና ዳኛ በአማካይ 137 የሚታዩ ውሳኔዎችን እንደሚሰጥ ቆጥረዋል፤ በየ40 ሰከንዱ አንድ እንደማለት ነው። አይቶ ያለፋቸው በዚህ ውስጥ የሉም። ያውም ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር እየሮጠ፣ ልቡ እየደለቀ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው። ማምሻውን በየቤቱ የሚነሳው ክርክር ግን ከነዚህ ሁሉ ስለ ሁለቱ ወይም ስለ ሦስቱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንያዝ፤ የቀረው ሁሉ በሱ ላይ ይቆማል። ገበያ ውስጥ ሁለት በርበሬ ነጋዴዎች አሉ እንበል። የአንደኛው ሚዛን ይንቀጠቀጣል፤ ዛሬ ሃምሳ ግራም ይጨምርልሃል፣ ነገ ሃምሳ ግራም ይቀንስብሃል። የሁለተኛው ሚዛን ንቅንቅ አይልም፤ ሁልጊዜ ሃያ ግራም ወደ ነጋዴው ያጋድላል። ገበያተኛው የሚጮኸው በመጀመሪያው ላይ ነው፣ መንቀጥቀጡ ስለሚታይ። ዓመቱ ሲያልቅ ከኪሱ የወሰደበት ግን ሁለተኛው ነው። በወጥነት ከተመዘኑ ደግሞ ሁለተኛው የተሻለ ወጥ ነው። እግር ኳስ ውስጥም ደጋፊው የሚያማርረው መንቀጥቀጡን ነው፤ ያለፈው ሳምንት ቢጫ የተሰጠበት ዛሬ በዝምታ ታለፈ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ማጋደሉ ነው። ማጋደሉ ደግሞ በጥናት ታይቷል።

በ2002 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ነገሩን በቅርበት ያሳያል። አላን ኔቪልና ባልደረቦቹ ሊቨርፑል ከሌስተር ሲቲ ካደረጉት ጨዋታ ውስጥ 47 የኳስ ንጥቂያዎችን ቆርጠው ለ40 ዳኞች አሳዩ። ግማሾቹ ፊልሙን ከነተመልካቹ ጩኸት፣ ግማሾቹ ድምፁ ጠፍቶ ተመለከቱት። ሁሉም ያዩት ያንኑ ፊልም ነው፣ ያንኑ እግርና ያችኑ ኳስ። ጩኸቱን የሰሙት ዳኞች ድምፅ ካልሰሙት ይልቅ በባለሜዳው ቡድን ላይ በ15.5 በመቶ ያነሰ ጥፋት ነፉ። በእንግዳው ላይ ግን ጭካኔ አልጨመሩም። ጩኸቱ በእንግዳው ላይ ፊሽካ አላስነፋቸውም፤ በባለሜዳው ላይ ሊነፉት የነበረውን ነው ያስቀረባቸው። ጩኸት የሰሙት በውሳኔያቸው ይበልጥ ሲያመነቱም ታይተዋል።

ይህን የፍርሃት ወይም የጉቦ ጉዳይ አድርጎ መረዳት ስህተት ይመስለኛል። ፊልም የሚያይ ዳኛን ማንም ድንጋይ አይወረውርበትም፤ ማንም ገንዘብ አልሰጠውም። ዓይን ባመነታ ጊዜ ጆሮ ያግዘዋል። አርባ ሺህ ሰው በአንድ ላይ «ኡ!» ሲል አእምሮ ያንን ድምፅ እንደ ምስክር ይቀበለዋል። ምስክሮቹ ግን የአንድ ወገን ሰዎች ናቸው። ዳኛው እንዳዳላ አይታወቀውም፤ ያየውን እንደፈረደ በሙሉ ልቡ ያምናል። «ዳኛው ተገዝቷል» የሚለው ጩኸት ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው። ሌባ ስንፈልግ ማንም ሳይሰርቅ የሚጠፋውን ነገር ሳናይ እናልፋለን።

ሁለተኛው ማስረጃ ከስፔን ነው። ሉዊስ ጋሪካኖ፣ ኢግናሲዮ ፓላሲዮስ-ሁዌርታና ካኒስ ፕሬንደርጋስት የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን የስፔንን ሊግ 750 ጨዋታዎች ወስደው የባከነ ሰዓትን መረመሩ። ጥሩ መርማሪ የሚያሰኛቸው የመረጡት ነገር ነው፤ የባከነ ሰዓት ሙሉ በሙሉ በዳኛው እጅ ያለ፣ በደቂቃ የሚለካና ከሸርተቴ ክርክር ነፃ የሆነ ውሳኔ ነው። ባለሜዳው በአንድ ጎል እየመራ ከሆነ ዳኛው በአማካይ ወደ 2 ደቂቃ ይጨምራል። ባለሜዳው በአንድ ጎል እየተመራ ከሆነ ወደ 4 ደቂቃ ይጠጋል። ልዩነቱ ሁለት ጎልና ከዚያ በላይ ሲሆን ይህ ነገር ይጠፋል፤ ያኔ ጭማሪው ለማንም አይጠቅምምና። የሁለት ደቂቃ ልዩነት በአንድ ጨዋታ ውስጥ ማንም አያየውም። በአንድ የውድድር ዘመን ስንት ነጥብ እንደሚያዛውር ግን አስቡት።

ከዚያ 2020 መጣ። በወረርሽኙ ምክንያት ሊጎች በባዶ ስታዲየም ተጫወቱ፤ ተመራማሪዎችም ማንም ሊያዘጋጀው የማይችለውን ሙከራ በነፃ አገኙ። ውጤቱ ከየአገሩ ሲሰበሰብ ተመሳሳይ ነበር፤ እንግዳ ቡድኖች ከባለሜዳዎች በልጠው ይቀበሉት የነበረው የቢጫ ካርድ ብዛት ጎልቶ ቀነሰ። የተጫዋቾቹ አጨዋወትም ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ከኔቪል ፊልምና ከስፔኑ ሰዓት ጋር ሲደመር ምልክቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላሉ። የደጋፊን ቁጣ ከዚህ በተሻለ የገለጸ አላየሁም። 4 ለ 0 ተሸንፎ በሰላም ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው፣ በመሃል ሜዳ በተነጠቀች አንዲት የእጅ ውርወራ ሳምንቱን ሙሉ ይብሰለሰላል። መሸነፉ ፍርድ ነው፤ ውርወራዋ ግን ያለ ፍርድ ሄደች።

ደጋፊው ራሱ የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት መዛባትም አለ፤ ማካካሻ። «ለነሱ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሃቸው፣ አሁን ለኛም ስጠን» ይባላል። ጀርመናውያኑ ሄኒንግ ፕሌስነርና ቲልማን ቤች በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ለአንድ ቡድን ቀደም ብለው ፍጹም ቅጣት ምት የሰጡ ሰዎች ለዚያው ቡድን ሁለተኛ ለመስጠት ሲያመነቱ፣ ለባላጋራው ለመስጠት ግን ሲቀናቸው ታይተዋል። ከውጭ ሲያዩት ሚዛናዊነት ይመስላል። ነገር ግን ሁለተኛው ጥፋት የመጀመሪያው መኖር አለመኖሩን አያውቅም። ሁለት ጊዜ የተጠለፈ አጥቂ ሁለት ጊዜ ይገባዋል። አንዱን በደል በሌላ በደል ማቻቻል ሁለት በደል ነው፤ ይህን ለመናገር የሚደፍር አሠልጣኝ ግን ጥቂት ነው፣ ነገ ማካካሻው ለሱም ያስፈልገዋልና።

ታዲያ ማሽን መፍትሔ ይሆናል? በከፊል፣ ያውም በትልቁ። ከጨዋታ ውጪን ውሰዱ። አጥቂው በሰከንድ 8 ሜትር ወደፊት ይሮጣል፤ ተከላካዩ ወጥመድ ለመዘርጋት በሰከንድ 5 ሜትር ወደ ተቃራኒው ይወጣል። በአንድ አሥረኛ ሰከንድ በመካከላቸው ያለው ርቀት በ1.3 ሜትር ይለወጣል። ረዳት ዳኛው ዓይኑን ኳሷን ከመታት እግር ወደ መስመሩ ለማዞር ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈጅበታል። የሰው ዓይን እዚህ ላይ ቢሳሳት የሥልጠና ጉድለት ሊባል አይገባም፤ ሥራው ራሱ ለዓይን አልተሰጠም። በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ከጣሪያው ሥር የተተከሉ 12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የአካል ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተሉ ነበር፤ ኳሷ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልክ ነበር። ልኬት ለሆነው ነገር መለኪያ መጣለት። የጎል መስመርም እንዲሁ ነው፤ ኳሷ አለፈች ወይስ አላለፈችም የሚለው ክርክር ማሽኑ ባለበት ሁሉ ሞቷል፤ ማንም አልናፈቀውም።

ፍርድ ወደሚሻው ነገር ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ቫር፣ ማለትም በቪዲዮ የሚያግዘው ረዳት ዳኛ፣ የሚገባው «ግልጽና የማያከራክር ስህተት» ሲኖር ነው። ይህ ደንብ አስተዋይ ደንብ ነው፤ ባይኖር ጨዋታው በየደቂቃው ይቆም ነበር። ነገር ግን አዲስ ዓይነት አለመመሳሰል ይዞ መጥቷል። አከራካሪ የሆነ አንድ ንክኪ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ተፈጠረ እንበል። ሜዳ ላይ ያለው ዳኛ ከነፋ፣ ግልጽ ስህተት አይደለምና ቫር አይነካውም፤ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ሜዳ ላይ ያለው ዳኛ ካለፈው፣ አሁንም ግልጽ ስህተት አይደለምና ቫር አይነካውም፤ ምንም የለም። ሁለት ስታዲየም፣ ያው ንክኪ፣ ተቃራኒ ውጤት፤ ሁለቱም እንደ ደንቡ ትክክል ናቸው። ይህን ለደጋፊው አስቀድሞ ያስረዳው የለም። ቫር ሲመጣ የተነገረው አከራካሪው ሁሉ እንደሚያከትም ተደርጎ ስለነበር፣ ዛሬ የሚሰማው ቁጣ ቃል የተገባለትን የተነፈገ ሰው ቁጣ ነው።

ቀርፋፋው ምስልም የራሱ ጠባይ አለው። በአምስት የአውሮፓ አገሮች ባሉ 88 ከፍተኛ ዳኞች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ያንኑ ጥፋት በቀርፋፋ ምስል ያዩት በተፈጥሮ ፍጥነቱ ካዩት ይልቅ ወደ ቀይ ካርድ ያዘነብላሉ። ምስሉ ሲንቀራፈፍ ተጫዋቹ ለማሰብ ጊዜ የነበረው ይመስላል፤ ያልነበረ ክፋት ይታያል። ንክኪው የት እንዳረፈ ለማየት ቀርፋፋ ምስል ይጠቅማል፤ ክብደቱን ለመመዘን ግን በተፈጥሮ ፍጥነቱ ማየት ግድ ነው።

ማሽንና ሰው በደንብ ሲጣመሩ ምን እንደሚመስል ለማየት የካቲት 2 ቀን 2022 ያውንዴ ላይ ሴኔጋልና ቡርኪና ፋሶ ያደረጉትን የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ማስታወስ ይበቃል። ዋና ዳኛው የኛው ባምላክ ተሰማ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ የቡርኪና ፋሶው ግብ ጠባቂ ኤርቬ ኮፊ ከቼኩ ኩያቴ ጋር አየር ላይ ተጋጨ፤ ባምላክ ወደ ነጥቡ አመለከተ። በቫር ከታየ በኋላ ሻረው። አጋማሹ ሊያልቅ ሲል በእጅ ንክኪ ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ለዚያው ለሴኔጋል ሰጠ፤ እሱንም በቫር ሻረው። አህጉሩ በሙሉ እያየ፣ በአንድ አጋማሽ ሁለት ጊዜ የገዛ ቃሉን መለሰ። «ሁለተኛውን እንኳ ልተወው» የሚል ማካካሻ አልፈለገም፤ ለእልህም አልተንበረከከም። ሴኔጋል በሁለተኛው አጋማሽ ባስቆጠረቻቸው ጎሎች 3 ለ 1 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች፤ ዋንጫውንም ወሰደች። አንዳንዱ ሰው ሁለት ጊዜ መሻሩን እንደ ድክመት ቆጥሮበታል። ለኔ ግን ስለ ወጥ ዳኝነት ካየኋቸው ማስረጃዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሱን የጠየቀው ያንኑ ጥያቄ ነውና።

ዳኛውን ብቻ እያየን ሕጉን መርሳት የለብንም። ሕግ ራሱ ዳኞችን የሚበታትንበት ጊዜ አለ። የእጅ ንክኪ ሕግ ከ2019 እስከ 2021 ባሉት ጥቂት ዓመታት ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ በዚያ ወቅት ተከላካዮች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መሮጥ ልማድ አድርገውት ነበር። የበለጠ የሚያስተምረው ግን የግብ ጠባቂው ጉዳይ ነው። ግብ ጠባቂ ኳስን በእጁ ከ6 ሰከንድ በላይ እንዳይዝ የሚከለክለው ሕግ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል በመጽሐፉ ላይ ነበር። በየሳምንቱ ይጣስ ነበር፤ የሚነፋበት ግን በመብራት ይፈለግ ነበር። ምክንያቱ ቅጣቱ ነው። በክልሉ ውስጥ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት መስጠት ከጥፋቱ እጅግ የከበደ ስለሆነ፣ ጎል ሊያስቆጥር የሚችል ቅጣት በሁለት ሰከንድ መዘግየት መስጠት ዳኛውን ይከብደዋል። ስለዚህ ሁሉም አለፈው፤ አንዱ በድንገት ሲነፋ ደግሞ ትክክለኛው ዳኛ እብድ መሰለ። ከ2025/26 ጀምሮ ሕግ አውጪው ቦርድ ጊዜውን ወደ 8 ሰከንድ ከፍ አደረገው፤ ቅጣቱን ወደ ማዕዘን ምት ዝቅ አደረገው፤ ዳኛውም የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንስቶ በጣቶቹ እንዲቆጥር አዘዘ። ዳኞቹ ያው ዳኞች ናቸው፤ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ሲመጣጠን ግን ፊሽካው ደፋር ሆነ።

ሌላው ግልጽነት ነው። መስከረም 30 ቀን 2023 ቶተንሃም ከሊቨርፑል ሲጫወቱ ሉዊስ ዲያዝ ያስቆጠረው ትክክለኛ ጎል ተሻረ። የቫር ክፍሉ ኳሷን በሚገባ አይቷታል፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ጎል ነው ብሎ በማሰብ «ተጣርቷል፣ ትክክል ነው» አለ፤ በዚህም የረዳት ዳኛው የተሳሳተ ባንዲራ ጸደቀ። ቀናት ሳይቆዩ የክፍሉ የድምፅ ቅጂ ለሕዝብ ወጣ። ሰው ሁሉ ስህተቱ ከየት እንደመጣ በጆሮው ሰማ፤ የዓይንም የሕሊናም ጉድለት አልነበረም፣ የተደናገረ ንግግር ነበር። ቅጂው ባይወጣ ኖሮ ዛሬም ድረስ የሚወራው ሴራ ይሆን ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዳኞቻችን አስቸጋሪ ቦታ ላይ ቆመዋል። ሊጉ በ2020 መጨረሻ በሱፐርስፖርት መተላለፍ ጀመረ፤ ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ተመልካቹ አንዱን ጥፋት ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ ያያል። ቫር በሌለበት ሜዳ ዳኛው የሚያየው አንዴ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩት በተለያየ ማስረጃ ነው። ቫርን መጠበቅ ግን ግድ አይደለም። በቴሌቪዥን ከተላለፉት ጨዋታዎች አከራካሪ የሆኑ ክስተቶችን ቆርጦ፣ የሊጉን ዳኞች በሙሉ አንድ አዳራሽ ሰብስቦ፣ ከውይይቱ በፊት እያንዳንዱ ውሳኔውን ብቻውን በወረቀት እንዲጽፍ ማድረግ የሚፈጀው አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሮጀክተር ነው። ውይይቱ ቀድሞ ከተጀመረ ወጣቱ ዳኛ የአንጋፋውን ቃል ይደግማል፤ ስለዚህ መጻፉ መቅደም አለበት። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ለአንዱ ጥፋት ስንቱ ቢጫ፣ ስንቱ ቀይ፣ ስንቱ ምንም እንዳለ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ሰፊ ልዩነት የታየባቸው ክስተቶች የሚቀጥለው ወር የሥልጠና ርዕስ ይሆናሉ። ውጤቱም ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ለአሠልጣኞችና ለአምበሎች ይታይ፤ «ዘንድሮ ይህን ዓይነት ሸርተቴ በቀይ እንቀጣለን» የተባለ ቡድን በኅዳር ሲቀጣ በሐምሌ የተነገረውን ያስታውሳል። ግማሹን ፊልም ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ፣ ግማሹን ከነጩኸቱ ማሳየት ይቻላል፤ ከሳምንት በኋላ ተገላብጦ ይታያል። ያኔ እያንዳንዱ ዳኛ የስታዲየሙ ድምፅ የቱን ያህል እንደሚገፋው ማንም ሳይነግረው በገዛ እጁ ጽሑፍ ያነበዋል።